የአባዬ ደም «ንጹህ ነው» ተብሏል፤ ምላሳቸው ላይ ያለው ቁስል ግን አልዳነም

የሆጤው | ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሆጤ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባዬ 63 ዓመታቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰዓቱን ከጓደኞቻቸው ጋር ጫት ላይ ነው የሚያሳልፉት። ሲጋራም አለ። ድሮ በቀን አንድ ፓኮ ነበር፣ አሁን «ግማሽ ብቻ ነው» ይላሉ። ከጥምቀት በፊት ምላሳቸው ግራ ጎን ላይ ቁስል ወጣ። መጀመሪያ ምች ነው ተባለና እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠቻቸው። ቀጥሎ «ጥርሱ እየቧጨረው ነው» ተባለ። እውነትም በዚያው በኩል አንድ የተሰበረ የመንጋጋ ጥርስ አላቸው። ይኸው ሁለት ወር አለፈው። ወጡ ትንሽ በርበሬ ከበዛበት ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እንጀራውን በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚያላምጡት።

በግድ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። እዚያ ያገኘነው ሰው አፋቸውን ገና በደንብ ሳያይ «አሁን ካንሰር በደም ይታወቃል» አለን። ደም ተቀዳ። ሲቢሲ፣ ኢኤስአር እና ሲኢኤ የሚባል። ከሁለት ሺህ ብር በላይ ከፈልን። ውጤቱ ሦስቱም «ኖርማል» ነው። አባዬ ወረቀቱን አራት እጥፍ አጥፈው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ቡና በተጠጣ ቁጥር እያወጡ ያሳያሉ። «ደሜ ንጹህ ነው» ነው መልሳቸው።

ጥያቄዬ፦ የአፍ ካንሰርን ገና ሲጀምር የሚያሳይ የደም ምርመራ እውነት አለ? ካለስ ይሄ ነው? ወይስ ሌላ ቦታ ልውሰዳቸው?


ዝም ባይ | ማክሰኞ ማታ 2:52

አላህ ያሽርልህ ወንድሜ። አብሽር።


የገራዶ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3:25

ባዮቴክኖሎጂ ነው የተማርኩት፣ ትንሽ ልበል። ሲኢኤ አንዳንድ ካንሰር ሲኖር ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው፤ ለአፍ ግን አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲታወቅ ከአንጀት ካንሰር ነው የተገኘው። ዛሬም ዋና ሥራው የአንጀት ካንሰር ታክሞ እንዳይመለስ መከታተል ነው። አባትህ ምላሳቸውን ነው ያመማቸው፣ የተመረመረላቸው ግን ሌላ ቤት ነው።

ለአፍ ካንሰር በደም ውስጥ የሚፈለጉ ነገሮች አሉ። ከአሥር የአፍ ካንሰሮች ዘጠኙ ስኳመስ ሴል የሚባለው ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነት ሴል የሚለቃቸው ሁለት ፕሮቲኖች ድሮም ይለካሉ፦ ኤስሲሲ አንቲጅን እና ሳይፍራ 21-1። አሁን ደግሞ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ያገኟቸው ሁለት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2024 ኖቤል ወስደውበታል። ሌላው ከዕጢው እየተቆረሰ ደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ዲኤንኤ ነው። እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህ በመጨረሻው ነው። ካንሰር ዲኤንኤውን ያበላሻል፤ የተበላሸው ቁራጭ ደም ውስጥ ከተገኘ ማን እንደጣለው ይታወቃል።

ይሠራል ወይ? በአንድ ቦታ አዎ፣ በሚገርም ሁኔታ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ምንም ምልክት የሌላቸው 20,174 ወንዶች ደም ተመረመረ። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 62። የተፈለገው ከአፍንጫ ጀርባ ያለው የላይኛው ጉሮሮ ካንሰር ነው። 34 ሰው ተገኘ። ከነዚህ 71 በመቶው ገና አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነበሩ። ቀድሞ፣ ሰው አሞት ሲመጣ በሚገኝበት ጊዜ፣ በዚያ ደረጃ የሚያዘው 20 በመቶ ብቻ ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ስለዚህ «በደም አይገኝም» የሚል ካለ አትስማው።


ኮምቦልቻ ላብ | ማክሰኞ ማታ 4:10

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ኮምቦልቻ። የገራዶ ልጅ ያልከው ቁጥር ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ዘለልክ፣ እሱ ደግሞ ዋናው ነው።

የሆንግ ኮንጉ ለምን ሠራ? የዚያ አገር የላይኛው ጉሮሮ ካንሰር ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ደም ውስጥ የተፈለገው የሰውየው ዲኤንኤ አይደለም፣ የቫይረሱ ነው። ሌባው የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ ገብቶ ኮቴውን ጥሎ እንደመሄድ ነው። የምላስ ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ የለውም። ከሲጋራና ከአልኮል የሚመጣ ነው። የሚጥለው ኮቴ የባለቤቱን ይመስላል። ከሚሊዮን ጤነኛ ቁራጭ መካከል ያንን መለየት ሌላ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ዕጢ ትንሽ ነው የሚጥለው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። እኛ የምንፈልገው ገና ሲጀምር መያዝ ነው አይደል? ደም የሚደክመው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ከ50 በላይ ካንሰር በአንድ ቱቦ ደም ይፈልጋል የተባለው የአሜሪካ ምርመራ፣ ጋለሪ የሚባለው፣ ሁሉም ካንሰሮች በአንድ ላይ ሲቆጠሩ አራተኛ ደረጃ ላይ ካሉት ከመቶ 90ውን ያገኛል። አንደኛ ደረጃ ላይ ካሉት ግን 17ቱን ብቻ። እውነት ለመናገር የራስና የአንገት ካንሰር ከሌሎቹ የተሻለ ይገኝበታል፣ እሱን አልደብቅም። ቢሆንም አራተኛ ደረጃ የደረሰውን ለማወቅ እኮ ደም አያስፈልገኝም። አንገቱ ላይ ያለውን ንፍፊት እያየሁ።

ሲኢኤን በተመለከተ ሌላም አለ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካንሰር ሳይኖርበትም ይጨምርበታል። የአባትህ ኖርማል መውጣቱ ራሱ እድል ነው። ቢጨምርባቸው ኖሮ አሁን አንጀታቸውን ልታስመረምር አዲስ አበባ ነበርክ፣ ምላሳቸው እንደቆሰለ።


የሆጤው | ማክሰኞ ማታ 4:31

እህቴ አስደነገጥሽኝ። ታዲያ ኤስሲሲ የተባለውን ላሠራ?


ኮምቦልቻ ላብ | ማክሰኞ ማታ 4:50

ወንድም ነኝ፣ ችግር የለም 😄

አታሠራ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ቤንች ላይ ስለምናየው ነው። ኤስሲሲ በቆዳና በምራቅ ውስጥ በብዛት አለ። ናሙናው የቀጂው ጣት ወይም ትንሽ ምራቅ ከነካው ቁጥሩ ይዘላል። ቱቦው ላይ እያወሩ ማስነጠስ ብቻ ይበቃል። ችፌ ወይም ሶርያሲስ ያለበት ሰው፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ካንሰር ሳይኖርበት ከፍ ይልበታል። ከጠቀመ የሚጠቅመው ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ፣ ሲታከም ቁጥሩ ወረደ ወይ ተመልሶ ወጣ ወይ ለማለት ነው። «አለ ወይ የለም» ለማለት አይሆንም።

ማይክሮ አርኤንኤውም ቢሆን ወረቀት ላይ ሸጋ ነው። ቀይ የደም ሴል ግን በራሱ በማይክሮ አርኤንኤ የተሞላ ነው። ደም ሲቀዳ መርፌው ቀጥኖ ወይም ስቦ ትንሽ ቀይ ሴል ከፈነዳ ውጤቱ ተበላሸ። የሚንሳፈፈው ዲኤንኤ ደግሞ ደም ውስጥ ዕድሜው ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ተራ ቱቦ ውስጥ ሲቀመጥ ነጭ ሴሎች ይፈነዱና የራሳቸውን ዲኤንኤ ይለቁበታል፤ የምንፈልገው ይሰጥማል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሴንትሪፊውጅ መደረግ፣ ማለትም በማሽን ተሽከርክሮ ሴሉ ከፈሳሹ መለየት አለበት፣ ወይም ልዩ ቱቦ ያስፈልጋል። መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተር ስንቀሰቅስ ለምንውል ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም።


የገራዶ ልጅ | ረቡዕ ጠዋት 1:15

ስለ ቫይረሱ ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። ግን ተስፋውን አታጥፋው። ኤችፒቪ 16 የሚያመጣው የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰር አለ፣ እሱም ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ባደጉት አገሮች ከሕክምና በኋላ የቫይረሱ ዲኤንኤ ደም ውስጥ ተመልሶ ታየ ወይ እያሉ ይከታተላሉ። መንገዱ ተከፍቷል እያልኩ ነው።

ደግሞ ምራቅስ? ዕጢው አፍ ውስጥ ነው፣ ምራቁ ቀኑን ሙሉ ያጥበዋል። ደም ከመቅዳት ምራቅ ማስተፋት አይቀልም?


ኮምቦልቻ ላብ | ረቡዕ ጠዋት 1:40

ምራቅ ላይ እስማማለሁ፣ ለአፍ እሱ ይቀርባል። ብዙ ምርምር አለበት። ግን ድዱ የታመመ ሰው ምራቅና ካንሰር ያለበት ሰው ምራቅ ብዙ ነገር ይጋራሉ፤ ሁለቱም ጋ መቆጣት አለ። እዚህ አገር ድዱ ጤነኛ የሆነ የ60 ዓመት ሰው ፈልገህ አምጣልኝ።

አሁን ሒሳብ እንሥራ፤ የኔ ጭቅጭቅ ከዚህ ነው የሚመጣው። አንድ ጎበዝ የደም ምርመራ አለን እንበል። ከመቶ ታማሚ 90ውን ያገኛል። ከመቶ ጤነኛ 95ቱን «ጤነኛ ነህ» ይላል። ሸጋ አይደለም? እንግዲህ 100,000 ሰው እንመርምር፣ ከነሱ ውስጥ 10 ሰው በሽታው አለበት እንበል። ዘጠኙን አገኘን። አንዱ አመለጠን። ከቀሩት 99,990 ጤነኞች ደግሞ 5 በመቶው፣ ማለትም 5,000 ገደማ ሰው፣ «ካንሰር ሊኖርብህ ይችላል» ተብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ዘጠኙን ለማግኘት 5,000 ሰው እንቅልፍ አጣ። ያን ሁሉ ሰው አፍ ከፍቶ የሚያይ ሐኪም ደግሞ ቀድሞውንም ቢኖር ደሙ ለምን አስፈለገ?

እንግሊዞች ከ200,000 በላይ ሴቶች በገቡበት ጥናት 50,000 ገደማ የሚሆኑትን ለእንቁላል እጢ ካንሰር ሲኤ-125 በሚባል የደም ምርመራ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ሲወጣ በጊዜ የተገኘው በዛ፣ የሞተው ግን አልቀነሰም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ሁሉንም እንመረምራለን ያለችው የቴራኖስ መሥራች እ.ኤ.አ. በ2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብላለች። ደም የሚባለው ነገር ሰውን ቶሎ ያሳምናል። መርፌ ገብቶ፣ ወረቀት ታትሞ ስለሚወጣ ይመስለኛል።


አሮጌው ሾፌር | ረቡዕ ጠዋት 3:05

ልጆቼ ሰላም ናችሁ። እኔ ደሴ ኮምቦልቻ 30 ዓመት ተመላልሻለሁ፤ ስንቱን ታማሚ አውርጄ ስንቱን አምጥቻለሁ። ያየሁትን ልናገር። ነቀርሳ ብረት ከነካው ይነሳል። የጎረቤቴ ሚስት ጡቷን ተነካች፣ በዓመቷ አረፈች። ሳትነካ አምስት ዓመት ኖራ ነበር። የአባትህን ምላስ አታስቆርጥ። ማር አድርጉበት፣ ጠበል ይጠጡ።


ጥርስ ነቃዩ | ረቡዕ ቀን 7:20

የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከታካሚ ወደ ታካሚ መካከል ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ አጭር ነኝ።

የሆጤው፣ ያን ወረቀት አጥፈህ አስቀምጠው። ከዚህ ጉዳይ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ሁሉ መታየት አለበት። የአባትህ ሁለት ወር ሆኖታል። የምላስ ጎን ላይ ነው። ያጨሳሉ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነው። ሌላ ምን ይጠበቃል?

ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። እጅህን ታጠብ። ንጹህ ጋዝ ወይም ስስ ጨርቅ በጣትህ ጠቅልል። የምላሳቸውን ጫፍ በጨርቁ ያዝና ወደ ቀኝ ጎትት፤ ግራ ጎኑ ይገለጣል። የስልክህን መብራት አብራ። ነጭ አለ? ቀይ አለ? ቀዩ ከነጩ የበለጠ ያሳስበኛል። ከዚያ የቁስሉን ዳር በጣትህ ዳብሰው። ለስላሳ ነው ጠንካራ? ከምላስ ሥር ያለውንም ወለል እይ። መጨረሻ አንገታቸውን፣ ከአገጭ ሥር እስከ ጆሮ ሥር፣ ዳብስ።

የምታየውን ጻፍልኝ። ምርመራውን ግን ይህ አይተካም፤ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከቁስሉ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ መመርመር፣ የግድ ነው።

ጋሽ ሾፌር፣ ለእርስዎ ማታ እመለሳለሁ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው።


የሆጤው | ረቡዕ ማታ 3:55

ዶክተር አየሁት።

መጀመሪያ እምቢ አሉ። «እኔ ፈረስ ነኝ ምላሴ የሚጎተተው?» ሲሉ እናቴ ሳቀች፣ እሳቸውም ሳቁና ከፈቱ።

ቁስሉ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። መሀሉ ጎድጎድ ብሎ ቢጫ ነገር አለበት። ዙሪያው ቀይ ነው፣ ከኋላው ደግሞ ነጭ ነገር ተዘርግቷል። በጨርቅ ጠረግኩት፣ አልለቀቀም። ዳሩ ጠንካራ ነው። ምን እንደሚመስል ልንገርህ፦ የጆሮዬን የላይኛውን ክፍል ስነካው እንደሚለው ጠጠር ይላል። የምላሱ ሌላው ቦታ እንደዚያ አይደለም። አንገታቸው ላይ ምንም አላገኘሁም፣ ወይም አላወቅኩበትም።

እናቴ እኔንም እይኝ አለች። ድዷ ጥቁር ስለሆነ ደነገጥኩ፣ ለካ ልጅ ሆና የተነቀሰችው ንቅሳት ነው። ሳቀችብኝ።


ጥርስ ነቃዩ | ረቡዕ ማታ 4:20

የጻፍከው ከብዙ ሪፈር ወረቀት ይሻላል። ጠረግኩት አልለቀቀም ያልከው ነጭ ሉኮፕላክያ የሚባለው፣ አንዳንዴ ወደ ካንሰር የሚለወጠው ነጭ ምልክት ሊሆን ይችላል። የሚለቅ ነጭ ቢሆን ኖሮ ፈንገስ ነው ልንል እንችል ነበር። ጫት በሚቀመጥበት ጎን ነጭ ነገር መውጣቱ የተለመደ ነው። ጫት ካንሰር ያመጣል ለማለት ማስረጃው እንደ ትምባሆ የጠነከረ አይደለም። ትምባሆው ግን ምንም ክርክር የለበትም። አልኮል ከተጨመረበት ይብሳል። ጠንካራውን ዳር ግን አልወደድኩትም። ነገ ውሰዳቸው።

አሁን ወደ ብረቱ። ጋሽ ሾፌር፣ የጎረቤትዎን ሚስት ነፍስ ይማር። እኔም ይህን ነገር ከእናቴ ነው የሰማሁት፣ አገሩ ሁሉ ይላል። ግን አስቡት። እብጠቱ ለአምስት ዓመት ሲያድግ ሄዳ አልታየችም። የሄደችው ሲብስባት ነው። ቢላዋው የደረሰው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። የዘገየ ሰው ይሞታል፣ ብረቱ ይከሰሳል። ባዮፕሲ ማለት ማደንዘዣ ተወግቶ፣ ቁስሉ ከጤነኛው ሥጋ ከሚገናኝበት ዳር የሽምብራ ክክ የምታህል ቁራጭ መውሰድ ነው። አንድ ሁለት ስፌት። ከቀናት በኋላ ምግብ ይበላሉ። ካንሰርን አይቀሰቅስም።


ኡም ሐያት | ሐሙስ ጠዋት 2:30

አሰላሙ አለይኩም። የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ይህን ክር ማታ አነበብኩት፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወንድሜ በአንገቱ በኩል ንፍፊት ወጣበት። ያየው ሁሉ አንቲባዮቲክ ይሰጠው ነበር። ሦስት ጊዜ ወሰደ። አንድ ሰው እንኳን «አፍህን ክፈት» አላለውም። እኛም አላሰብነውም። ምላሱ ሥር ትንሽ ቁስል እንዳለ እሱ ያውቅ ነበር፣ ያው የአፍ ቁስል ነው ብሎ ለማንም አልተናገረም። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስንደርስ ግማሽ ምላሱ መቆረጥ ነበረበት። አንገቱም ተከፍቶ ንፍፊቶቹ ወጡ። ከዚያ ጨረር። አልሐምዱሊላህ ዛሬ በሕይወት አለ። ሻይ የሚጠጣው በማንኪያ ነው። ስልክ አይደውልም፣ ይጽፍልኛል፤ ንግግሩ የሚገባን እኔና ሚስቱ ብቻ ነን። ድሮ መንዙማ ሲል ሰፈሩ ይሰበሰብ ነበር።

የሆጤው ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ሂድ። በአላህ።


ዝም ባይ | ሐሙስ ጠዋት 2:41

😔


የገራዶ ልጅ | ሐሙስ ጠዋት 4:00

ኡም ሐያት፣ አላህ ለወንድምሽ አፊያውን ይስጠው።

ማታ ሳስበው አደርኩ። ስለ ደም ስከራከር አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ላክለው፤ የኔን ወገን ባያግዝም። ሕንድ ውስጥ፣ ኬረላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አንድ ትልቅ ጥናት ተሠርቷል። ከ190,000 በላይ ሰው ነበረበት። ደም አልቀዱም። ሐኪም እንኳን አልላኩም። ሥልጠና የተሰጣቸው ተራ ወጣቶች ቤት ለቤት እየዞሩ የሰው አፍ በባትሪ ማየት ነው የያዙት። የተጠራጠሩትን ወደ ሐኪም ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱ ሲወጣ ትምባሆ ወይም አልኮል ከሚጠቀሙት መካከል በአፍ ካንሰር የሚሞተው ሰው በ34 በመቶ ቀንሶ ነበር። በባትሪ!

እኛ ጋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ። ባትሪ አለ። ጨርቅ አለ።


ኮምቦልቻ ላብ | ሐሙስ ጠዋት 4:12

አሁን ወዳጄ ሆንክ።


አሮጌው ሾፌር | ሐሙስ ቀን 6:45

ዶክተር ያልከውን ሰምቻለሁ። የሴትየዋን ነገር እንደዚያ አላየሁትም ነበር። የኡም ሐያት ወንድም አላህ ይማረው። ልጄ፣ መኪና ካስፈለገህ ጻፍልኝ፤ አሮጌ ነኝ እንጂ መንጃ ፈቃዴ አሮጌ አይደለም።


የሆጤው | እሑድ ማታ 1:30

ወሬ አለኝ።

አባዬን ባዮፕሲ ብዬ ብወስዳቸው አይሄዱም ነበር። «ደሜ ንጹህ ነው፣ ምን ሥጋዬን ያስቆርጠኛል» አሉ። ወረቀቱን ደግሞ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ያቺን ወረቀት ከፍዬ ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ ምን ልበል። በመጨረሻ እናቴ «የተሰበረውን ጥርስ አስሞርደው፣ ሌሊት እኔንም ያሳጣኛል እንቅልፍ» አለቻቸው። ለጥርስ ከሆነ እሺ አሉ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጥርሱን ሞረደች። ከዚያ ምላሳቸውን ያዘችና ብዙ ጊዜ ወስዳ አየች። ለእሳቸው ነው የነገረቻቸው፣ ለኔ አይደለም። «አባባ፣ ደም የሚያሳየው ደም ውስጥ ያለውን ነው። ይሄ ነገር ገና ደም ውስጥ ባይገባ ነው የምንመኘው። እዚሁ እያለ ልየው» አለቻቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

20 ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ስፌት። የወሰደችውን ነጭ ክዳን ያላት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ፣ ፎርማሊን ውስጥ ጨመረችና ስማቸውን ለጥፋ «ፓቶሎጂ አድርስ» ብላ ለኔ ሰጠችኝ፤ ቁራጩ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ክፍል ነው። እንደዚህ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ከፒያሳ ባጃጅ ያዝኩ። ድንጋዩ ላይ በዘለለ ቁጥር ጠርሙሷን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ «ሽቶ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። የአባዬ ምላስ ነው ልበለው?


ጥርስ ነቃዩ | እሑድ ማታ 2:05

ያቺን ሐኪም አመስግንልኝ። እስከ ውጤቱ ለብ ያለ ነገር ይብሉ፣ ሲጋራ ለነዚህ ቀናት እንኳን ይተው። ጥርሱ የተሞረደው ጥሩ ነው፣ ግን «ጥርሱ ነበር፣ ይድናል» ብለህ እንዳትዘናጋ። ውጤቱን ጠብቅ።


የሆጤው | ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ማታ 2:15

ውጤቱ ወጣ። ካንሰር ነው። ስኳመስ ሴል።

ማታ ማታ እዚህ ስለምታገኙኝ ለናንተ መጀመሪያ ልጻፍ ብዬ ነው። እናቴ ገና አታውቅም።

ሐኪሟ ያለችውን ልጻፍ፣ የሰማሁትን እንዳልረሳ። ከሁለት ሴንቲ ሜትር በታች ነው። አንገታቸው በአልትራሳውንድ ታይቷል፣ የሚያሳስብ ንፍፊት አልተገኘም። ሲቲ ይቀራል። የመጀመሪያው ደረጃ ይመስላል አለች። ቆርጦ ማውጣት ነው፣ ትንሽ ነው የሚቆረጠው፣ መናገርም መብላትም ይችላሉ ብላለች። ሪፈር ጽፋልናለች።

ደሙ እስካሁን «ኖርማል» ነው እንግዲህ።


ኮምቦልቻ ላብ | ማክሰኞ ማታ 2:30

አብሽር። በዚህ ደረጃ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምለው። አፍ ውስጥ ሳይሰራጭ የተያዘ ካንሰር አብዛኛው ሰው ይድናል። ደሙ ኖርማል መሆኑም አያስገርመኝ፤ ያ ወረቀት ያኔም ዛሬም የሚለው አንድ ነው። ምንም።

አዲስ አበባ ስትሄድ ሪፖርቱን ብቻ አትያዝ። ፓቶሎጂ ሄደህ ስላይዱን (ስስ ቁራጩ የተለጠፈበትን መስታወት) እና የቀረው ሥጋ የተቀበረበትን የሰም ብሎክ ጠይቅ፤ እዚያ ያሉት እንደገና ማየት ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። ስላይዱን በሶፍት ጠቅልለው፣ መስታወት ነው፣ ይሰበራል። ብሎኩን ፀሐይ ላይ አታስቀምጥ፣ ሰም ነው ይቀልጣል።


ኡም ሐያት | ማክሰኞ ማታ 2:48

ወንድሜ ይህን ክር አሳየሁት። «በሁለት ወሩ ነው የደረሰው፣ ማሻ አላህ» ብሎ ጻፈልኝ። ማደሪያ ካስቸገራችሁ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያረፍንበትን ቤት በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ምግብ ፈጭቶ የሚሰጥ ነው።


አሮጌው ሾፌር | ማክሰኞ ማታ 3:10

መቼ ነው የምትሄዱት? እስከ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም እስከ መናኸሪያ፣ የፈለጋችሁት ድረስ እኔ ነኝ። በሌሊት ነው የምነሳው፣ አታስቡ።


የገራዶ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3:22

ማታ የራሴን አፍ በስልክ መብራት አየሁት። እህቴንም። አያቴ ግን እምቢ አለች።


የሆጤው | እሑድ ማታ 4:00

ነገ በሌሊት እንሄዳለን። ጋሽ ሾፌር 10 ሰዓት በር ላይ ነኝ ብለውኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስላይዶቹን በሶፍት ጠቅልዬ በሳሙና መያዣ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌያለሁ፣ ብሎኩ ሌላ ላይ ነው።

አባዬ ከተነገራቸው ወዲህ ሲጋራ አላነሱም። ጫቱ ላይ ገና እየተደራደርን ነው።

አሁን ኮታቸውን ልቦርሽ ብዬ የውስጥ ኪሱን ስፈትሽ ያ ወረቀት አለ፣ በአራት እንደታጠፈ። እጥፉ ላይ መቀደድ ጀምሯል። ላወጣው ስል አዩኝ። «ተወው እዚያው» አሉኝ። «ሐኪሙ ሊጠይቅ ይችላል።» ተውኩት።